ለክረምቱ የእንጆሪ ዕቅድ፦ መድኃኒት ይገዛ ወይስ ቦይ ይቆፈር?

ሰብሳቢው፦ ጤና ይስጥልን። የሐዋሳ ዝናብ እንደምታውቁት ሰኔን አይጠብቅም፤ በልጉም አለ። ለክፍለ ከተማው ግብርና የምናቀርበው ሐሳብ በዚህ ሳምንት ማለቅ አለበት። ረቂቁ «በማኅበሩ ገንዘብ የፈንገስ መድኃኒት ተገዝቶ ይከፋፈል» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዡ፦ እስማማለሁ። አምና ፍሬው አመድ የተነፋበት መስሎ ስንቱን ጣልኩት።

የጓሮ አምራቿ፦ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ችግኞቼ እኩለ ቀን ላይ ጠወለጉ። ጠምቷቸው ነው ብዬ ውኃ ጨመርኩ። በጭቃ ላይ ውኃ! ባለቤቴ እስከዛሬ ይስቅብኛል። በሦስተኛው ቀን አንዱን ነቅዬ አየሁት። ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሉም፤ የቀሩት እንደ አይጥ ጭራ ተራቁተዋል። አንዱን ሥር በምላጭ በቁመቱ ስሰነጥቀው ነጭ መሆን የነበረበት መሐሉ ቀይ ነው።

የግብርና ምሩቁ፦ እትዬ፣ መሐሉ ቀይ ከሆነ ፋይቶፍቶራ የሚባለውን የሥር በሽታ ነው የምጠረጥረው። ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ እየዋኘ ሥር የሚፈልግ ነገር ነው። አንዴ ከገባ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ደግሞ የሚያድነው ርጭት የለም።

የጋሼ አመድ ግራጫ ሻጋታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በአበባው ነው፤ ፍሬው ላይ ስናየው ሰንብቷል። ደረቅ ቅጠልና የበሰበሰ ፍሬ መደቡ ላይ ስንተው ቀላቢዎቹ እኛው ነን። ዩሪያ ማብዛትም ያው ነው፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይልና ነፋስ አያስገባም።

ስለዚህ ረቂቁ ይገልበጥ። ገንዘቡ ለቦይ ይሁን። መደቡ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በችግኝና በችግኝ መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ይተው። ፍሬው አፈር እንዳይነካ ጭድ ይነጠፍ። ዝናብ ሲጠፋ ውኃው በጠዋት፣ ከሥር።

ገንዘብ ያዡ፦ ጭድ? ለላሞቼ አልበቃኝም እኮ።

የግብርና ምሩቁ፦ ደረቅ ሣርም ይሆናል ጋሼ። ዘር ያላፈራ ይሁን እንጂ፣ አለዚያ ክረምቱን በአረም ነው የምንጨርሰው።

ጸሐፊዋ፦ ቦይና ደረቅ ሣር ብዬ ጽፌአለሁ። መድኃኒቱ ከባለሙያ ምክር በኋላ ለሚያስፈልገው ብቻ። ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ በነበረበት መሬት ላይ እንዳይተከል የሚለውንም ልጨምር? የሚያጠወልገው ፈንገስ የጋራቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

የግብርና ምሩቁ፦ ልክ ነሽ፣ ጨምሪው። ትልቁ ቀዳዳችን ግን ችግኝ ነው። እንጆሪ ሐረጓን ስትዘረጋ እየቆረጥን ከጎረቤት ጎረቤት እንቀባበላለን፤ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። «ሥሩ ሳይታይ ችግኝ አይሰጥም» የሚል ደንብ ይግባ። እትዬ፣ ከዚያ መደብ ለማን ሰጥተው ነበር?

የጓሮ አምራቿ፦ ለአራት ሰው። ገና ሳይጠወልግ ነው ታዲያ! አንዱ ሰብሳቢያችን ናቸው።

ሰብሳቢው፦ ደንቡ ይግባ። እኔ ምላጭ ፍለጋ ሄጃለሁ።