ውጥረት፣ የድባቴ መድኃኒትና የአንጎል የእድገት ፕሮቲን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦
ለረዥም ጊዜ ከቆየ የሥራ ውጥረት በኋላ ሐኪም ድባቴ እንዳለብኝ ነግሮኝ ሰርትራሊን መውሰድ ጀምሬአለሁ። ውጥረት ቢዲኤንኤፍ የተባለውን የአንጎል የእድገት ፕሮቲን እንደሚቀንስ፣ የድባቴ መድኃኒቶች ደግሞ እንደሚጨምሩት አነበብሁ። ከጀመርሁ ብዙ ባይቆይም እስካሁን ለውጥ አላየሁም፤ እንቅልፌም እንደተዛባ ነው። ፕሮቲኑን በደም ምርመራ አስለክቼ መድኃኒቱ መሥራቱን ማወቅ እችላለሁን? ውጥረቱስ አንጎሌን ላይመለስ ጎድቶት ይሆን? ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፣ የነርቭ ሳይንስ ከሚያጠና አባል፦
ቢዲኤንኤፍ የነርቭ ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩ፣ ቅርንጫፎቻቸውን እንዲዘረጉና የሚገናኙባቸውን መጋጠሚያዎች እንዲያጠነክሩ የሚረዳ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተሙ የአይጥ ጥናቶች፣ ውጥረት ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው በሂፖካምፐስ ውስጥ የፕሮቲኑን መመረት እንደሚቀንስ፣ ለሳምንታት የተሰጠ የድባቴ መድኃኒት ግን እንደሚጨምረው አሳይተዋል፤ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ጭማሪው አልታየም። ነገሩን «ብዙ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ መደምደም ግን አይገባም፤ ምክንያቱም ከደስታና ከሽልማት ስሜት ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል ያው ፕሮቲን ሲጨምር አይጦችን ይበልጥ ከሌሎች እንዲሸሹ ሊያደርግ እንደሚችል ታይቷል። ስለ ጉዳቱ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ለሳምንታት በውጥረት ውስጥ በቆዩ አይጦች ላይ የሂፖካምፐስ ሴሎች ቅርንጫፎች ያጥራሉ፤ ውጥረቱ ሲቆም ግን በአብዛኛው መልሰው ያድጋሉ። የሰው አንጎል ከአይጥ ይለያል፣ ሆኖም ያጠረ ቅርንጫፍ የሞተ ሴል ማለት አይደለምና ተስፋ አይቁረጡ።

መልስ፣ ፋርማሲስት ከሆነ አባል፦
የደም ምርመራውን አልመክርዎትም። በደም ውስጥ ያለው ቢዲኤንኤፍ በብዛት የሚገኘው ደምን በሚያረጉት ፕሌትሌቶች ውስጥ ስለሆነና ደሙ ሲረጋ ስለሚለቀቅ፣ ናሙናው የተያዘበት መንገድ ብቻ ውጤቱን ሊለዋውጠው ይችላል። በድባቴ ላይ ያሉ ሰዎች በአማካይ ዝቅተኛ መጠን እንዳላቸው ብዙ ጥናቶች ቢያሳዩም፣ የአንድን ሰው ሕክምና የሚወስን መለኪያ የለም። ሰርትራሊን በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት በሚያስተላልፈው ኬሚካል በሴሮቶኒን ላይ መሥራት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን ስሜት ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ እድገት ፕሮቲኖች እንዲያዞሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መዘግየት ነው። የእንቅልፍ መዛባትና ማቅለሽለሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመዱ ስለሆኑ፣ ክኒኑን ጠዋት መውሰድ ይሻልዎት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

መልስ፣ ይህንኑ መድኃኒት ከምትወስድ አባል፦
እኔ ለውጡን ያወቅሁት በየዕለቱ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቴና ስለ ሥራዬ አንድ አንድ መስመር በመጻፍ ነው። ማስታወሻውን ለሐኪሜ ሳሳየው መጠኑን ለማስተካከል ተጠቅሞበታል።

ተጨማሪ ጥያቄ ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ምን ባደርግ ይጠቅመኛል?

መልስ፣ የነርቭ ሳይንስ ከሚያጠና አባል፦
እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ፍሉኦክሴቲንን ጨምሮ በርካታ የድባቴ መድኃኒቶች የቢዲኤንኤፍ ተቀባይ ከሆነው ፕሮቲን ጋር በቀጥታ እንደሚጣበቁ አሳይቷል። የዚህ መስክ ብዙ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ አንጎልን ለለውጥ ዝግጁ ያደርጋል፣ ለውጡ ወዴት እንደሚያመራ የሚወስነው ግን ሰውየው በዚያ ጊዜ የሚያልፍበት ሁኔታ ነው ይላሉ፤ እኔንም ይህ አሳማኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የንግግር ሕክምና፣ መደበኛ እንቅልፍና አዘውትሮ በእግር መሄድ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ የውጥረቱ ምንጭ ሥራዎ ከሆነ ደግሞ የሥራ ጫናውን መቀነስ የሕክምናው አካል ነው።

መልስ፣ ፋርማሲስት ከሆነ አባል፦
ለውጥ ዘገየ ብለው መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አያቁሙ፤ ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ሊያስከትል ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ወይም ያልለመዱት መቁነጥነጥ ከያዝዎት ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያኑ ዕለት ሐኪም ያግኙ።