«ቫዮሊኑን ደረደረ» ይባላል ወይ?

አርታዒዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆች የተተረጎመ ተረት እያረምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ቫዮሊኑን ከግድግዳው አውርዶ ደረደረ፤ የሰፈሩ ሰውም ተሰበሰበ።» ጆሮዬ «ደረደረ»ን እምቢ አለ። በገናና ክራር ይደረደራሉ። ቫዮሊን ግን በቀስት ነው። «ተጫወተ» ብለው ደግሞ ልጁ ዕቃውን መጫወቻ ያደረገው ይመስላል። ምን ልበል? ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ዘዲማ፦
እኅቴ፣ ግሡን ከማንሣትሽ በፊት ስሙን አስተካክይ። «ቫዮሊን» ለምን አስፈለገ? ከዳዊት መዝሙር «ሰብሕዎ በመዝሙር ወበመሰንቆ»፣ በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት፣ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። በቀስት ለሚመታ መሣሪያ ስም ከውጭ የምንለምንበት ምክንያት አይታየኝም። «መሰንቆውን አንሥቶ» በይው።

ባለአራት አውታር፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ቫዮሊን አራት አውታር አለው፤ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ጣት አውታሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር እያጣበቀ ነው ድምፁን የሚለውጠው። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ጣት ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። የቫዮሊን ፊቱም ጀርባውም እንጨት ነው፤ የማሲንቆ ሣጥን ቆዳ የተወጠረበት ነው። አንዱ አገጭ ሥር ይገባል፤ ሌላው ጉልበት መሃል ይቆማል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለቱም በአንድ ግቢ ይሰጣሉ። ሁለቱን በአንድ ስም ብንጠራቸው ተማሪው የቱን ይዞ ይግባ?

ዘዲማ፦
የአውታር ቁጥር ስም አይለውጥም። ክራር ባለአምስትም ባለስድስትም አለ። ሁለቱም ክራር ነው።

የቨርጂኒያዋ፦
እናቴ ከጎጃም መጥታ ልጄ በትምህርት ቤቷ ቫዮሊን ስትለማመድ ሰማቻት። «ይቺ ባለብዙ ክር ማሲንቆ ጥሩ ትጮሃለች» አለች። እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ።

ሰምና ወርቅ፦
የመሰንቆ ነገር ከተነሣ አይቀር የኔንም ልበል። መሰንቆ «ስንቅ» ከሚለው ነው የወጣው። አዝማሪ አገር ላገር ዟሪ ነው። ሌላው ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ሲወጣ እሱ ማሲንቆውን ይዞ ይወጣል። በደረሰበት እሱን መትቶ ይበላል፣ እሱን መትቶ ያድራል። ስንቁ እሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ዘዲማ፦
ለቅኔ ያምራል፤ ለሰዋስው አይሆንም። ግሡ ሰንቀወ ነው፤ አውታር ያለውን መሣሪያ መታ ማለት ነው። መጨረሻው «ወ» ነው። ይቺ «ወ» ስም ሲወጣ ከፊቷ ያለውን ፊደል ሳብዕ፣ ማለት ሰባተኛ፣ አድርጋ ትጠፋለች። ርኅወ፣ ከፈተ፤ መርኆ፣ መክፈቻ ወይም ቁልፍ። ሰንቀወ፣ መታ፤ መሰንቆ፣ የሚመታው ዕቃ። ከስንቅ ቢወጣ «ቆ» ከየት ትመጣለች?

ሰምና ወርቅ፦
ሰንቀወ ራሱ ከስንቅ ቢወለድስ?

ዘዲማ፦
ልጄ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያጠና ሰው ይህን አይጠይቅም።

ሰምና ወርቅ፦
መምህር፣ ቅኔ ቤት ባልገባም አማርኛ የኔም ነው። የሕዝብ ጆሮ ሁለቱን ቃላት ካገናኘ ያ ግንኙነት ራሱ ዋጋ አለው።

ፊደል ቆጣሪ፦
መምህር በግሡ ትክክል ነዎት፤ በዚያ አልከራከርም። ግን የጠቀሱት መዝሙር እርስዎን አያግዝም። ዳዊት ወደ ግዕዝ የመጣው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ በዚያ ቦታ ኪታራ ይላል። ኪታራ ቀስት የለውም፤ አውታሩ በመምቻ ወይም በጣት ይመታል። ከኛ ዕቃ የሚቀርበው ክራር ነው። እንዲያውም በቀስት የሚመታ መሣሪያ በዓለም ላይ ተስፋፍቶ የምናገኘው በ10ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ስለዚህ «መሰንቆ» የሚለው ቃል ከቀስቱ ይቀድማል። ዛሬ አዝማሪው የያዘው ዕቃ ስሙን የወረሰው በኋላ ነው።

ቫዮሊን ደግሞ እንዲያ ገና ልጅ ነው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ16ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ነው። የክሬሞናው አንድሬያ አማቲ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። የኛ አጠራር ግን የጣሊያን አይደለም። ጣሊያኑ ቪዮሊኖ፣ ፈረንሳዩ ቪዮሎን ይላል። እኛ «ቫዮ» የምንለው ከእንግሊዝኛ ስለመጣ ነው። መኪናና ፋብሪካን ከጣሊያን፣ ለገሃርን ከፈረንሳይ እንደወሰድን ሁሉ ይችን ከዚያ ወሰድን። «ቨ» ራሷ እኮ በግዕዝ የለችም። ለእንዲህ ያለው እንግዳ ቃል ስንል ነው «በ» ላይ ሰረዝ የጨመርነው። ለቃሉ ፊደል ካዘጋጀንለት በኋላ «ለምን አስፈለገ» ማለት ዘግይቷል።

ዘዲማ፦
ያመጣኸው ማስረጃ የኔ ነው። መሰንቆ የሚለው ስም ከኪታራ ተነሥቶ የአዝማሪው ዕቃ ላይ ካረፈ፣ አንድ ጊዜ ተሻግሯል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተሻገረ ስም ሁለተኛ ቢሻገር ማን ይከለክለዋል?

ፊደል ቆጣሪ፦
የሚከለክለው ባለቤት መኖሩ ነው። ያኔ ስሙ ወደ ማሲንቆ ሲሄድ በአገሩ ኪታራ ይዞ «ስሜን መልሱ» የሚል አልነበረም። ዛሬ ግን ማሲንቆ በሕይወት አለ። ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለይቶታል። በጸሎቱ «መሰንቆ»፣ በአዝማሪው እጅ «ማሲንቆ»። ሦስተኛ ዕቃ በላዩ ላይ አንጫንበት።

አርታዒዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። ስሙ ቫዮሊን ሆኖ ይቆያል፤ ተረቱ የውጭ አገር ስለሆነ። ግሡስ?

ባለደጋን፦
እኔ ማሲንቆ እመታለሁ። በኛ ዘንድ «መታ» ነው የሚባለው። ደጋኑን ሙጫ አስነክተህ «ማሲንቆዬን መታሁ» ትላለህ። «ደረደረ» ለኛ አይሆንም። መደርደር ጣቶች በብዙ አውታር ላይ በተራ ሲሄዱ ነው፤ በገና ላይ ዐሥሩን አውታር እንደሚያደርጉት። የኛ አንድ አውታር ነው፤ ከምን ጋር ይደረደራል? ሰው «ገዘገዘ»ም ይላል። ያ የደጋኑን መሄድና መመለስ በደንብ ያሳያል። ለቫዮሊንም ይሆናል ባይ ነኝ፤ እጁ ያው ነው፣ ጭራውም ያው የፈረስ ነው።

ባለአራት አውታር፦
«ገዘገዘ»ን እባካችሁ ተዉልኝ። ግንድ የሚቆርጥ ሰው ነው የሚታየኝ። የቀኝ እጅ ሥራ ዓመታት ይፈጃል። ቀስቱ ከአውታሩ ሳይነሣ ረጅም ድምፅ ማውጣት፣ ሲዞር እንዳይሰማ ማድረግ። ይህን ሁሉ «መገዝገዝ» ማለት ያሳዝናል።

ባለደጋን፦
እኔም ያንኑ ነው የምሠራው ወንድሜ። «ትዝታ» ስትመታ ደጋኑ እንዴት እንደሚዞር መጥተህ እይ። ቃሉን አትናቀው። እኛን ሲሉን ካላፈርንበት አንተም አታፍርበት።

ባለአራት አውታር፦
አልናቅኩም። «መታ»ን እቀበላለሁ። ግን ለሕፃን «ቫዮሊኑን መታ» ስትለው በቡጢ የመታው አይመስለውም?

የቨርጂኒያዋ፦
ከበሮ መታ ሲባልስ በቡጢ ነው እንዴ? ልጆች ይገባቸዋል።

ዘዲማ፦
ግሡ ካስቸገረ ሰንቀወ አለ። «ቫዮሊኑን ሰነቀወ።» ከቤታችን የወጣ፣ ለቀስትም ለጣትም የሚሆን።

ሰምና ወርቅ፦
ልጁ «ስንቅ ቋጠረ» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ያኔ የኔ ሐሳብ ያሸንፋል።

የበገና ተማሪ፦
መምህር፣ ከመዝሙሩ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚያው መዝሙር 150 ላይ «ሰብሕዎ በአውታር ወበዕንዚራ» ይላል። አማርኛው «በአውታርና በእምቢልታ» ብሎታል። እኛ ግን በገና ላይ እንዚራ የምንላት አውታሩ ሥር የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ ነው። ያ የሚነዝረው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ ዕንዚራ የሚነፋ አይመስለኝም።

ዘዲማ፦
ሊቃውንት እምቢልታ ካሉት እምቢልታ ነው። የቆዳዋ ስም በኋላ የመጣ ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ፦
መምህር፣ እዚህ ላይ ከተማሪው ጋር ነኝ። መዝሙር 136ን ያውጡት፤ በአማርኛው 137 ነው። ግዕዙ «ውስተ ኵሓቲሃ ሰቀልነ ዕንዚራቲነ» ይላል። የአኻያው ዛፍ ላይ የሰቀሉት ዕንዚራ ነው። አማርኛው እዚያ ሲደርስ እምቢልታ አላለም፤ «መሰንቆቻችንን ሰቀልን» ነው ያለው። ያው ቃል በአንዱ ቦታ እምቢልታ፣ በሌላው መሰንቆ ሆነ። የቱን ሊቅ እንያዝ?

ዘዲማ፦
የግሪኩ ቃል ራሱ ሰፊ ነው። የዜማ መሣሪያን ሁሉ ይይዛል።

የበገና ተማሪ፦
እንዲያ ከሆነ እምቢልታ ነው ብለን መቁረጥ አንችልም ማለት ነው። እኔ ደግሞ መንዘርን ነው የምሰማበት። ዕንዚራ፣ ነዘረ።

ዘዲማ፦
«ዐ» ከየት መጣች? አሁን አንተም የስንቁን ሰው ሆንክ። ነገ መዝገበ ቃላቱን ይዤ እመለሳለሁ፤ ማንም እንዳይሄድ።

አርታዒዋ፦
ዓርብ ነገ ነው። ሌላ እስካላመጣችሁ ድረስ «መታ» ብዬ ልልከው ነው።

ባለአራት አውታር፦
ቆይ፣ «ቀስቱን ሳበ» ብትይስ?