«ሚስተር ሞራል» ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ?

ቢት ቀማሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካዊውን ራፐር የኬንድሪክ ላማርን «ሚስተር ሞራል ኤንድ ዘ ቢግ ስቴፐርስ» አልበም ትናንት ለሁለተኛ ጊዜ ሰማሁት። አሁንም ልቤ ውስጥ አልገባም። ሃያስያን ሲያወድሱት ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የግራሚን የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማትም ወስዷል። ከዚህ በፊት ያወጣውን «ዳም» አልበም በቃሌ ነው የማውቀው፤ እዚህ ግን «ዊ ክራይ ቱጌዘር» የሚለው ዘፈን ላይ ስደርስ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ባልና ሚስት መሳይ ሰዎች ከአምስት ደቂቃ በላይ ሲሰዳደቡ መስማት ምኑ ደስ ይላል? ያመለጠኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሦስተኛው ስንኝ፦
ምንም አላመለጠህም ወንድሜ። 18 ዘፈን በዛ። «ኤን95» አሪፍ ነው፣ «ዳይ ሃርድ»ም ይሰማል። ሌላውን አንዴ ሰምቼ ተውኩት።

የሌሊት አድማጭ፦
እኔም በወጣበት ሳምንት እንደናንተ ነበርኩ። ግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ማለት ነው። አምስት ዓመት ጠብቀናል። «ዳም» በ2018 የፑሊትዘር ሽልማት ስለወሰደ ሁላችንም የምንጠብቀው ስለ ዓለም የሚነግረን መሪ ነበር። ሰውየው ግን ስለ ራሱ ጉድ ሊነግረን መጣ። የሴት ሱሱን፣ ፍቅረኛው ላይ መማገጡን፣ ከአባቱ የወረሰውን ደረቅነት። «ሴቪየር» ላይ አዳኛችሁ አይደለሁም ብሎ በግልጽ ተናገረ። ብዙ አድማጭ የተከፋው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እኔን የመለሰኝ «ፋዘር ታይም» ነው። የአባቱ እናት ሞታ አባትየው ወዲያው ሥራ ሲገባ ልጁ ለምን ብሎ ይጠይቀዋል። አባትየውም ሕይወት እንዲህ ነው፣ ወጪ አይጠብቅም ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። እናቴ የሞተች ሰሞን እኔም በአራተኛው ቀን ቢሮ ነበርኩ። «ጎበዝ፣ በረታህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ስንኝ ስሰማ ግን ጥንካሬ ያልኩት ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። ዘፋኙ ሳምፋ ቀጥሎ ሲያዜም ተነስቼ መብራት አጠፋሁ፣ እንባዬን ማንም እንዳያይ። ቤት ውስጥ ብቻዬን እኮ ነበርኩ!

የ«ዊ ክራይ ቱጌዘር» ጭቅጭቅ ደግሞ ደስ እንዲልህ አልተሠራም። አብራው ያለችው ተዋናይት ቴይለር ፔጅ ናት፤ እውነተኛ ጠብ አስመስላዋለች። ቤቱ ውስጥ ያለውን መርዝ ቀድመህ ካልሰማህ በኋላ የሚመጣው ይቅርታ ክብደት አይኖረውም።

ዝምታ17፦
ይሄን ሁሉ እቀበላለሁ። የራፐሩን የኮዳክ ብላክን ነገር ግን ለምን ዝም ትላላችሁ? በወሲብ ጥቃት ተከሶ፣ በኋላ ቀለል ባለ የጥቃት ወንጀል ጥፋተኛነቱን ያመነ ሰው ነው። ድምፁ አልበሙ ውስጥ በተደጋጋሚ ይሰማል። «ማዘር አይ ሶበር» ደግሞ ስለ ወሲብ ጥቃትና ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚወርደው ቁስል ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ አልቻልኩም። «አንቲ ዳየሪስ»ም እንደዚያው። ጾታቸውን ስለቀየሩ ሁለት ዘመዶቹ በፍቅር ያወራል፣ ግን ግብረ ሰዶማውያንን የሚያዋርደውን ስድብ እየደጋገመና የአንዷን የድሮ ስም እየጠራ።

የሌሊት አድማጭ፦
ልክ ነሽ፣ የኮዳክን ነገር አልከራከርሽም። የተጎዳ ሰው ሌላውን ይጎዳል ለማለት ነው ብለው የሚሟገቱ አሉ። ገብቶኛል፤ ግን የተጎዱት ሴቶች ይሄን አልበም ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል ስል መልስ የለኝም። «አንቲ ዳየሪስ» ላይ ትንሽ እለያለሁ። መጨረሻ ላይ ያንን ስድብ የመጠቀም መብት እንደሌለው ራሱ ላይ ይፈርዳል። መድረክ ላይ አውጥቶ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል በመዝፈኗ ያስቆማትን ነጭ ልጅ ያነሳል። እሷ ካልተፈቀደላት እኔስ ነው ነገሩ። ስህተቱን እየሠራ ነው የሚማረው፣ ፊታችን።

ቢት ቀማሽ፦
የእናትህን ነፍስ ይማር። እሺ፣ አንድ ጊዜ ልሞክረው። ከየት ልጀምር?

የሌሊት አድማጭ፦
አሜን። ከሁለተኛው ግማሽ፣ ከ«ካውንት ሚ አውት» ጀምር። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው። «ማዘር አይ ሶበር» ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፣ ከኬንድሪክ ራፕ፣ ከፒያኖና ከዘፋኟ ቤዝ ጊበንስ ድምፅ ሌላ ብዙም የሚሰማ የለም፤ እንዳታቋርጠው። ጫፉ ላይ ሴት ልጁ አባቷን ታመሰግናለች። እሷን ሳትሰማ እንዳትዘጋው።