ሃንድልባር ሪዝ፦ ታሪኩ የወታደር ነው? መሃሉንስ ልከርክመው ወይስ ልተወው?

ጀማሪ_ባለሪዝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሪዜን ሃንድልባር ላደርገው እያሳደግኩት ነው፤ ያ እንደ ብስክሌት መሪ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ጫፉ ወደ ላይ የሚጠመዘዘውን ማለቴ ነው። አሁን መሃሉ አፌ ውስጥ እየገባ አስቸግሮኛል፣ ጫፉ ግን ገና ለመጠምዘዝ አይበቃም። ጓደኞቼ «መሃሉን ከርክመውና ተገላገል» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከቆረጥኩት የለፋሁበት ሁሉ ወደ ኋላ የሚመለስ እየመሰለኝ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

ሌላው ታሪኩ ነው። በድሮ ፎቶዎች ላይ የማየው ባለሪዝ አብዛኛው የወታደር ልብስ የለበሰ ነው። የወታደር ነገር ነው እንዴ? አንዳንዱ ደግሞ «የካይዘር ሪዝ» ይለዋል፤ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ፊቴ ላይ የማስቀምጠው ነገር ከየት እንደመጣ ባውቅ ደስ ይለኛል።

የድሮ_ፎቶ_ወዳጅ

ሪዝ ራሱ ከማንም መደበኛ ሠራዊት ደንብ ይቀድማል። ሮም በሚገኘው የካፒቶሊን ሙዚየም ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ያለ የጎል (ጥንት በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ የኖረ ሕዝብ) ተዋጊ ሐውልት አለ። አገጩ ተላጭቷል፣ ሪዙ ግን አለ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስም የጎል መኳንንት ጉንጫቸውን ተላጭተው ሪዛቸውን አፋቸው እስኪሸፈን ያሳድጉ እንደነበር፣ ሲበሉም ምግቡ እየተጠላለፈባቸው ይቸገሩ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ አይዞህ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ሪዝ ባንተ አልተጀመረም።

ሃንድልባርን ግን አዎ፣ ያገነነው ሠራዊት ነው። መጀመሪያ የሃንጋሪ ሁሳር ፈረሰኞች ሪዝ በየአገሩ ጦር ተቀዳ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ፈረሰኞችም ከእነሱ ወሰዱት። ከዚያ በ1854 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የቦምቤይ ጦር ለአውሮፓውያን ወታደሮቹ ሪዝን ግዴታ አደረገ። በዚያው ሰሞን የክራይሚያ ጦርነት ነበር፤ ወታደሩ በዚያ ብርድ ምላጩን ትቶ ጢሙን አሳደገ፣ ጢሙን እንደያዘ አገሩ ሲገባም ሕዝቡ እንደ ጀግና ተቀበለው። ሲቪሉ ወንድም ተከተለ። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ጦር ደንብ አገጭና የታችኛው ከንፈር እንዲላጭ፣ የላይኛው ከንፈር ግን ምላጭ እንዳይነካው አዘዘ። ይሄ ደንብ እስከ 1916 ቆየ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል ማለት ነው። የሻረውን ትእዛዝ ኦክቶበር 6 ቀን የፈረሙት ጄኔራል ኔቪል ማክሪዲ ነበሩ። ሰውየው የራሳቸውን ሪዝ ጨርሶ አይወዱትም ነበርና እሳቸውም ወዲያው ተላጩ።

ያየሃቸው ፎቶዎች ከዚያ በፊት የተነሱ ከሆኑ ሰውየው ወድዶ ያሳደገው ላይሆን ይችላል። ታዟል።

ሰም_በጣቴ

እኔ ስለ መሃሉ ልናገር። አትከርክመው ወንድሜ። ሃንድልባር በጫፍ ብቻ አይሠራም፤ ከአፍንጫ ስር የሚበቅለው ፀጉር ረዝሞ ወደ ጎን ሲተኛ ነው ያን ግርማ የሚያገኘው። መሃሉን ቶሎ ቶሎ የሚቆርጥ ሰው ከአፉ ጠርዝ ሁለት ቀጫጭን ጭራ ወጥቶለት ይቀራል። የፊት ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ደህና አድርጎ ለመጠቅለል ወራት ይፈጃል። አሁን ያለህበት ደረጃ ደግሞ ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚላጭበት ነው፣ እሱን እለፈው።

ጠዋት ፊትህን ታጥበህ ሪዙ ትንሽ እርጥበት እያለው በደቃቅ ማበጠሪያ ከመሃል ተነስተህ ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ አበጥር። ሲደርቅ የሪዝ ሰም በጥፍርህ ፋቅ አድርገህ ትንሽ ውሰድ (የአብዛኛው መሠረት የንብ ሰም ነው)፣ እስኪለሰልስ በሁለት ጣትህ እሸው። ከአፍንጫ ስር ጀምረህ እስከ ጫፉ ቀባው፣ መልሰህ አበጥረው፣ ከዚያ ጫፉን ብቻ ጠምዝዘው። ብዙ ሰው ሰሙን ጫፍ ላይ ብቻ ይለጥፍና ለምን ወረደ ብሎ ይገረማል፤ መሃሉ ካልተያዘ ጫፉ አይቆምም። ማታ ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ አልለቅ ካለህ ትንሽ ዘይት አስቀድም። ሰም ላይ ሰም እየደረቡ መተኛት ፀጉሩን ይሰባብረዋል። ሲደጋገም ፀጉሩ ራሱ አቅጣጫውን ይለምዳል።

ምላጭና_መስታወት

ሰም_በጣቴ ያለው ለለስላሳና ለቀጥ ያለ ፀጉር ልክ ነው። ፀጉሩ ጠንካራና ጥቅልል ለሆነ ሰው ግን መሃል ላይ ያሉት ጥቂቶቹ፣ የቱንም ያህል ብታበጥራቸው፣ ዞረው ወደ አፍ ይመለሳሉ። እነሱን ብቻ፣ ልክ ከአፍንጫ ስር ያለችውን ጠባብ ቦታ፣ ከከንፈር መስመር የሚያልፈውን በትንሽ መቀስ መቀነስ ምንም አያጎድልም። ከዚያ ግራና ቀኝ ያለውን ግን አትንካ። በማሽንም አትሞክረው፣ አንዴ ካለፈ አለፈ።

ካይዘሩ ይለያል። ሃንድልባር ከላይኛው ከንፈር በሚበቅለው ብቻ ይሠራል፣ የካይዘር ወይም ኢምፔሪያል የሚባለው ግን የጉንጩን ፀጉርም ይጨምርና ጫፉ ወደ ዓይን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስሙን ያገኘው ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ቪልሄልም ነው። የሚያበጅለት ፍራንስዋ ሃቢ የሚባል የቤተ መንግሥት ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሃቢ «ተሳካ!» የሚል ስም የሰጠውን የሪዝ ማስተካከያ ለሕዝብም ሸጦበታል። ሪዙ ቅርጹን እንዲይዝ ፊት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ሳይቀር ነበር። በዓለም የጢምና የሪዝ ሻምፒዮናም ኢምፔሪያል ለብቻው ምድብ አለው፣ ከዳሊ (በሠዓሊው ስም የተሰየመው)፣ ከእንግሊዝና ከሃንጋሪ ስታይል ጋር አይቀላቀልም።

አብራሪው

ከ1916 በኋላ ያለው ታሪክ ተዘለለ፣ እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃንድልባርን መልሰው ያመጡት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጂሚ ኤድዋርድስ በ1944 ኔዘርላንድስ ውስጥ አርንሄም ላይ የሚያበረው ዳኮታ አውሮፕላን ተመትቶ ፊቱ ተቃጠለ፣ ቀዶ ጥገናም ተደረገለት። ያን ትልቅ ሪዝ ያሳደገው ጠባሳውን ለመሸፈን ነው። በኋላ ታዋቂ ኮሜዲያን ሆነ፣ ሪዙም መለያው ሆነ። የሃንድልባር ክለብ የሚባለውም በ1947 ለንደን ውስጥ በዊንድሚል ቲያትር የተመሠረተው እሱ በሚለብስበት ክፍል ውስጥ ነው። የክለቡ ደንብ ጫፉ በእጅ የሚያዝ ሪዝ ይጠይቃል፣ ጺም ያለው ሰው አይገባም።

የቤዝቦል ተጫዋቹን ሮሊ ፊንገርስንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1972 የአሜሪካው ቤዝቦል ቡድን ኦክላንድ ኤይስ ባለቤት ሪዝ ለሚያሳድግ ተጫዋች 300 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ፊንገርስ በዚያ ሰበብ ሃንድልባር አሳደገ፣ ቡድኑም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በ1986 ሲንሲናቲ ሬድስ የሚባል ሌላ ቡድን ሊያስፈርመው ፈለገ፣ ግን የቡድኑ ደንብ መላጨትን ያስገድድ ነበር። እምቢ ብሎ ጨዋታ አቆመ! ለ300 ዶላር የጀመረውን ነገር ለደመወዝ ሲል አልተላጨም፣ ይሄን ሰው ሳላከብረው አላድርም።

ጀማሪ_ባለሪዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ነው ያስተማራችሁኝ። የኔ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ከአፍንጫ ስር ያለችዋን ብቻ በመቀስ ቀንሼ ሌላውን እተወዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፣ ሰም ከተቀባሁ በኋላ ትኩስ ነገር ስጠጣ ምን ላድርግ?

የድሮ_ፎቶ_ወዳጅ

እንፋሎቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ጫፉም ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለዚሁ ሲባል የተሠራ የባለሪዝ ስኒ ነበር፤ አፉ ላይ ከውስጥ በኩል ድልድይ የመሰለ ከለላ አለው፣ ሪዙ እሱ ላይ ያርፍና መጠጡ በታች ባለችው ቀዳዳ ይመጣል። ያረጁ ዕቃዎች የሚሸጡ ሰዎች ጋር አሁንም ይገኛል። ካላገኘህ ትንሽ በረድ ይበልልህ፣ ወይም ጠጥተህ ስትጨርስ ሰሙ ሳይደርቅ ጫፉን መልሰህ ጠምዝዘው።