መዶሻው ለምንድን ነው የሚያነክሰው? (ስለ ፍላሜንኮ ዘፈን ጥያቄ)

ወናፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ በርና መስኮት በያጅ ነኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ገጀራ የሠራበት መስፍ ዛሬም ከደጄ አለ። ባለፈው ሳምንት በር ሊያሠራ የመጣ ልጅ ፍላሜንኮ የሚባል የስፔን ዘፈን የሞላበት ፍላሽ ትቶልኝ ሄደ። ከየዘፈኑ ስም ጎን ሶሌአ፣ ሲጊሪያ፣ ቡሌሪያ፣ ማርቲኔቴ የሚል ተጽፏል። እንደኛ ትዝታና ባቲ ዓይነት ነገር ነው?

ሌላው፣ ማርቲኔቴ የሚለው ጊታር የለውም። አንድ ሰውዬ «አይ…» እያለ ይንጎራጎራል፣ ከሥሩ ብረት ይመታል። ብረት በብረት መሆኑን ጆሮዬ አይስተውም። ግን መዶሻው ያነክሳል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠ…ቅ፣ ጠ…ቅ፣ ጠቅ። እንዲህ የሚመታ ቀጥቃጭ አላየሁም፤ ብረቱ ይበርድበታላ! ማስመሰል ነው?

ክራር መቺው፦
በአጭሩ ሶሌአ የነሱ ትዝታ ነው፣ ቡሌሪያ የጭፈራ ዘፈን። አለቀ።

መምህርት፦
ክራርዬ፣ የሶሌአ ሆድ ማባባቱ ላይ አልተሳሳትክም፤ «አለቀ» ያልከው ግን ገና አልተጀመረም። እኛ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ ስንል የምናወራው ስለ ቅኝት ነው፤ በትዝታ ቅኝት የሚያስለቅስም የሚያስጨፍርም ይሠራል። እነሱ ፓሎ የሚሉት ስም ግን ቅኝቱን፣ ምቱን፣ የስንኙን አሠራርና የመጣበትን አገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። ብዙዎቹን መጀመሪያ የሚለያቸው ምቱ ነው፤ ኮምፓስ ይሉታል። ሶሌአ 12 ምት አለው፤ 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ይጠብቃል። ቡሌሪያ ያንኑ 12 ያስሮጠዋል። ታንጎስ በ4 ይሄዳል (ከአርጀንቲናው ታንጎ ጋር እንዳታምታቱት)። አሌግሪያስ የስፔኗ ከተማ የካዲስ ነው፣ ፊቱ የፈካ። የማዕድን ቆፋሪዎቹ ታራንታ ደግሞ ምት የለውም፤ በጣት ልቁጠርህ ብትለው ያመልጥሃል።

ጋሼ ወናፍ፣ ጆሮዎን አደንቃለሁ። ያነከሰብዎት የሲጊሪያ ምት ነው፦ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2 ብለው ቢደምሩት እሱም 12 ይመጣል። ማርቲኔቴ ራሱ ግን ቶና ከሚባለው ያለ ጊታር ከሚዘፈን ቤተሰብ ነው፤ ስሙም ከመዶሻ ጋር፣ ከአንዳሉሲያ (ደቡብ ስፔን) ጂፕሲ ቀጥቃጮች ጋር የተያያዘ ነው። ዘፈኑ በነፃ የሚለቀቅ ነው። በዚህ ምት መሄድን ያስለመደው ውዝዋዜ ነው፤ አንቶኒዮ የሚባለው እውቅ ተወዛዋዥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጨፈረበት። ስለዚህ ብረቱ እውነተኛ ብረት ነው፣ ግን ማረሻ ሊያወጣ የተመታ አይደለም።

«አይ…» የሚለው ደግሞ ካንታኦሩ፣ ማለትም ዘፋኙ፣ ወደ ስንኙ ሳይገባ ድምፁን የሚያሟሽበት ነው፤ ምጣድ እንደምናሟሸው። ቴምፕሌ ይባላል። ድምፁ ሻካራ ከሆነ አፊያ ይሉታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረ ኤል ፊዮ በሚባል ዘፋኝ ስም። እኛ «ጉንፋን ይዞታል» ብለን ዝንጅብል የምናፈላለት ሰው እዚያ ይከበራል።

ስም የለኝም፦
እኔ የማውቀው «ኦሌ»ን ብቻ ነው። እንደ «ተቀበል» ነው?

መምህርት፦
አይ፣ አዝማሪውን «ተቀበል» ስትለው ግጥም እየሰጠኸው ነው። «ኦሌ» ሃሌዮ ከሚባለው ማበረታቻ ነው፤ ግጥም የለውም፣ ቦታ ግን አለው። ዘፋኙ ሐረጉን አሳምሮ ሲዘጋ ይባላል፤ መሃል ላይ ብትጮህ ይገላምጡሃል።

ወናፍ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። ትናንት ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የአባቴን መስፍ አውጥቼ ሞከርኩት። ሁለቱ አጭር እሺ ይላሉ። ረጅሞቹ ላይ እጄ ይቸኩላል፤ ባዶ መስፍ እየመታሁ ብረቱ የሚበርድብኝ ይመስለኛል። ተለማማጁ ልጅ «ጋሼ፣ ክንድዎን አመመዎት?» አለኝ። ያለ ጊታር የሚዘፈን ሌላ ካለ ስሙን ጻፊልኝ።

መምህርት፦
ሳኤታ። በሕማማት ሳምንት ሰልፉ በመንገድ ሲያልፍ ከሰገነት ላይ የሚዜም ነው። መዶሻ የለውም፣ ክንድዎ ይረፍ።