በቅጥር ፈተና አንባቢ ሳይዘጋጅልኝ 2 ነጥብ ተበለጥኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። ዓይነ ስውር ነኝ፤ በሶሲዮሎጂ ዲግሪ አለኝ። በቅርቡ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ አመለከትኩ። ስመዘገብ አንባቢ እንደሚያስፈልገኝ ተናግሬያለሁ። «ችግር የለም፣ የዛን ቀን እናያለን» አሉኝ። በዕለቱ ማንም አልተዘጋጀም። ሌሎቹ መጻፍ ከጀመሩ በኋላ አንዲት ተላላኪ ከኮሪደር ጠርተው ሰጡኝ። ልጅቷ ልቧ ቅን ነው፣ ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር። ፊደል በፊደል እየጠራችልኝ ቃሉን የምገጣጥመው እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰባት ጥያቄ ቀረኝ። ውጤት ሲለጠፍ ከአንደኛው በ2 ነጥብ ተበልጫለሁ። ስጠይቅ ደግሞ «ሥራው ሰነድ ማየት ይፈልጋል፣ ለአንቺው ብለን ነው» ተባልኩ። ቅሬታ ላስገባ? እናቴ «ጥርስ ይነክሱብሻል፣ ተዪው» እያለችኝ ነው።

መልስ 1፣ ጡረታ የወጣሁ የሰው ሀብት ሠራተኛ
ልጄ፣ አትተዪው። ጉዳይሽ ያለው እዛው 2 ነጥቡ ላይ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ብዙ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ውጤት ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፣ ይፈረማል፣ በቃ። ስለ ቅድሚያው የሚያነሳ ሰው ከሌለ ነገሩ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ ቅድሚያው መታየቱ ተጽፏል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ደብዳቤሽን በሁለት ኮፒ ጻፊ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጪ፣ ያንቺው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። በአፍ የተነገረ ነገር ነገ «አላልንም» ይባላል።

መልስ 2፣ ዓይነ ስውር መምህር
እህቴ፣ «የዛን ቀን እናያለን» እኔንም ሁለት ጊዜ በልቶኛል። ከዛ ወዲህ ከፈተናው በፊት በደብዳቤ ነው የምጠይቀው፤ የፈተናውን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው፣ ለብቻ ክፍልና ተጨማሪ ሰዓት። አንባቢው ሲመጣ መጀመሪያ አንድ አንቀጽ አስነብቢው። ካልቻለ ሰዓት ሳይቆጠር ተናገሪ። «ሰነድ ማየት» ያሉት ግን ያበሳጫል። እኔ የተማሪ ወረቀት በኮምፒውተር ነው የማርመው፤ ጄውስ የሚባለው በስክሪኑ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

መልስ 3
እናትሽ ወደው አይደለም። ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ የከሰስሽውን ነገ ሂርማታ ገበያ ታገኚዋለሽ። ቢሆንም አስገቢ። ታናሽ ወንድሜ በዊልቸር ነው የሚሄደው፤ አንድም ቀን አልጠየቅንለትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

መልስ 4፣ የሕግ ባለሙያ
መልስ 1 ላይ ልጨምር። በዚሁ አዋጅ መሠረት በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም የለበትም። አለማድላቱን የሚያስረዳው መሥሪያ ቤቱ ነው። ብዙ ሰው «ምን ማስረጃ አለኝ» ብሎ የሚተወው ይህን ስለማያውቅ ነው። አዋጁ ረዳት መመደብ ሲያስፈልግ አሠሪው እንዲመድብ ያዛል። ሴት አካል ጉዳተኞች ያለባቸውን ድርብ ጫናም ለይቶ ይጠቅሳል። ስለዚህ «ሰነድ ማየት አትችልም» ብቻውን መልስ አይሆንም። መጀመሪያ እዛው ቅሬታ ሰሚ ጋ አቅርቢ። ካልሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ቢሮ አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጊዜ ግን አትስጪው፣ የተመረጠው ሰው ሥራ ከጀመረ ነገሩ ይከብዳል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ደብዳቤውን ከእህቴ ጋር ዛሬ ማታ እንጽፋለን። አንድ ነገር ብቻ፤ ቃለ ጉባኤውን አናሳይም ቢሉኝስ?

መልስ 1
አናሳይም ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው፣ ልጄ። እሱንም መዝገብ ቤት አስገብተሽ ጠይቂ።