ጥቆማ፦ ለልጅ የምትሆን ትንሽ ፈረስ የት ትገኛለች? (እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ)

የለገጣፎዋ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ፈረስ ካልጋለብኩ እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። እንጦጦ ፓርክ ልውሰዳት ወይስ ሱሉልታ መንገድ ላይ የሚያከራዩት ይሻላሉ? ለገጣፎ አካባቢም ካለ ንገሩኝ። ትንሽና ረጋ ያለች ፈረስ ነው የምፈልገው።

የሰሚት ልጅ፦
እንጦጦ። ፓርኩ በ2013 ከተከፈተ ጀምሮ ልጆቼን እወስዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ስለሚበዛ ፈረሶቹም ይሰለቻሉ፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ። ጃኬት እንዳትረሺ፣ ብርዱ አይቻልም።

ባለ ቦራዋ፦
እህቴ፣ ትንሽ ስለሆነች ረጋ ያለች ናት ብለሽ እንዳትሸወጂ። እኛ ሱሉልታ አካባቢ አንድ ቦታ ሄድን፤ ስሙን አልጠራም። ደረቴ ጋ የምትደርስ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ባዝራ ሰጡን። ልጄ ሲወጣባት ጸጥ ብላ ቆመች። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች ኩሬ አገኘች። በፊት እግሯ ውሃውን ቸብ ቸብ አደረገችው። እኛ ቆመን እንስቃለን። ከዚያ ጉልበቷን አጠፈችና ከነልጁ ከነኮርቻው ጭቃው ላይ ተኛች! ልጄ ፈጥኖ ባይዘል እግሩ ከሥሯ ይቀር ነበር። ገመድ የያዘው ልጅ ስልኩ ላይ ነበር። ብራችንንም አልመለሱልንም።

ሃና የሲኤምሲ፦
በስመ አብ! ልጁ ደህና ነው?

ባለ ቦራዋ፦
ደህና ነው፣ ይመስገን። ሱሪውን ግን ጣልኩት። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የሰሚት ልጅ፦
ለዚህ ነው እንጦጦ ያልኩት።

ሱሉልቴ፦
በአንድ ቦታ ጥፋት ሱሉልታን በሙሉ አትውቀሱ። እኔ እዚያ ፈረስ የሚያከራይ አንድ ጋሼ ጋ 4 ዓመት ተመላልሻለሁ። ፈረሱ አንዴ ልጄን ነክሷታል፤ ጥፋቱ ግን የእሷ ነው፣ ኪሷ ውስጥ ብስኩት ነበር። ከጋሼ ውጭ የትም አልሄድም።

ሃና የሲኤምሲ፦
ልጅሽን ነክሷት ነው የምትጠቁሚው?

ሱሉልቴ፦
ሸሚዟን ነው የያዛት። ጋሼ ራሱ ደንግጦ ይቅርታ ጠይቋል።

የሰንዳፋ ገበሬ ልጅ፦
ፈረስ ጋጣ አጠገብ ነው ያደግኩት፤ ትንሽ ልበል። ቦራዋን አትርገሟት። ፈረስ ውሃ ወይም አፈር በፊት እግሩ መቧጨር ሲጀምር ሊተኛ ይችላል። ያን ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደፊት ማስኬድ ነው። ገመድ ያዢው ቢያያት ኖሮ አትተኛም ነበር።

የሚነክሰውም ሰው ያስተማረው ነው። በእጅ ስኳርና ብስኩት የለመደ ፈረስ ኪስ ይፈትሻል፣ ሲያጣ ጥርሱን ይሞክራል። ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትልቅ ፈረስ ቢገፋን እንቆጣለን፣ ትንሹ ሲገፋን ግን እንስቃለን። እሱም ይለምደዋል።

አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ከሁሉም አጭሩ። የጋጣውን መቀርቀሪያ በከንፈሩ ይዞ፣ ግራ ቀኝ እያለ፣ ይከፍተዋል። ከዚያ ብቻውን አይወጣም፤ ሄዶ የጎረቤቱን ፈረስ በር ይሞክራል። ስሙን ክፈተው አልነው። ምኒልክን በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ይሏቸው የለ፣ የሰፈሩ ሰውም አባቴን አባ ክፈተው ይለው ነበር። ክፈተው ኮርቻ ሲጫን ሆዱን ይነፋል። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል። ትንሽ ሲሄድ ይተነፍሳል፣ ኮርቻው ይላላል፣ ሰው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ስለዚህ ልጅሽ ከመውጣቷ በፊት ፈረሱን ጥቂት አስኪደው ቀበቶውን እንደገና እንዲያጠብቁ ጠይቂ። ይህን ሳትጠይቂያቸው የሚያደርጉ ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው።

ፖኒ ፍለጋም አትድከሚ። በውጭ አገር ቁመቱ 148 ሳ.ሜ. የማይሞላውን ፖኒ ይሉታል። የእኛ አገር ፈረስ አብዛኛው ከዚያ ያጥራል። ሼትላንድ የሚሉት ግን ከ107 ሳ.ሜ. አይበልጥም፤ ድሮ እንግሊዝ አገር ማዕድን ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይጎትት ነበር። ቢያጥርም ጉልበቱ ሌላ ነው።

ቢራቢሮ፦
ድርቆሽና ፉርሽካ በቅናሽ የሚሸጥ የምታውቁ? እኔም አንድ ፈረስ አለኝ።

የሰንዳፋ ገበሬ ልጅ፦
ፉርሽካውን ቀንሽለት። እህል የበዛበት ፈረስ ሰኮናው ይታመማል። መራመድ ካስቸገረው ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውሰጂው።

ተስፋ ቦሌ አራብሳ፦
ሴትዮዋ ለልጇ ፈረስ ጠየቀች። እናንተ ጋጣና ፉርሽካ ውስጥ ገባችሁ። ጎበዞች!

ሃና የሲኤምሲ፦
አትቆጣ ወንድሜ። የለገጣፎዋ፣ የብስክሌት ሄልሜት ካላችሁ ይዘሽላት ሂጂ፤ ባዶ ራስ ከመሆን ይሻላል። ከኋላ በኩልም እንዳትጠጋ ንገሪያት። በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማች ትቅረበው። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ተቆጥቷል፤ ያን ቀን ይቅርባት።

የለገጣፎዋ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ለልጄ አነበብኩላት። አሁን ኩሬ ውስጥ የምትተኛዋን ካልሆነ ሌላ አልፈልግም ብላ አለቀሰች። ባለ ቦራዋ፣ ቦታው የት ነበር?

ባለ ቦራዋ፦
እንዳትሄጂ!

ሱሉልቴ፦
ጋሼ ጋም ኩሬ አለ። ገመዱን ራሱ ነው የሚይዘው።

የሰሚት ልጅ፦
በመጨረሻ የት ሄዳችሁ?

ቢራቢሮ፦
ድርቆሽ ያገኘ አለ?